ወኪል የሆንኩላት መኪና

ገዳሪፍ ሳለሁ መኪና ነበረኝ ስል አብዛኛው ሰው የልብስ ስፌት መኪና ይመስለዋል። እሷም ነበረችኝ። ከጎንደር ስወጣ ጠረጴዛዋንና መርገጫዋን ትቼ ጭንቅላቷን ብቻ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ በአህያ ጭኜ በመተማ በኩል ተሻግሬአለሁ። የወጣሁት በዚያ በደርግ ዘመን ሌላው ሰው ሁሉ በወጣበት ምክንያት ስለሆነ አላወራውም። ሁለተኛዋ መኪና ግን አራት ጎማ ነበራት። እንግሊዝ አገር የተሠራች፣ ጀርባዋ ድንቡሽ ያለ፣ የደረቀ ጎመን የመሰለ ቀለም ያላት፣ በዕድሜ ከእኔ በሁለት ዓመት ብቻ የምታንስ ትንሽ መኪና ነበረች።

የሰጠችኝ የአንድ ግሪክ ሰሊጥ ነጋዴ ሚስት ናት። ባልየው ከሞተ ቆይቷል። እሷ ወጣትነቷን መተማ ስላሳለፈች አማርኛ ትናገራለች፤ ነገር ግን ሰውን ሁሉ እንደ ወንድ ነበር የምትጠራው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቀሚሷን ስሰፋላት «አንተ ጥሩ ሰፊ ነህ» ትለኝ ነበር። እኔም «ማዳም» እላታለሁ። አንድ ቀን ልትለካ መጥታ ልጇ ያለችበት አገር ልትሄድ መሆኑን ነገረችኝ። ቤቱ ተሸጧል፣ ዕቃው ተሸጧል፣ የቀረችው መኪናዋ ናት።

ገዳሪፍ ላይ ያረጀ መኪና ማለት ሁለት ካሮ ማለት ነው። ካሮ የሚሉት አህያ የሚጎትተውን ጋሪ ሲሆን ከስሩ የመኪና ጎማ ይገባለታል። መኪናዋን ሊገዙ ሦስት ሰዎች መጥተው ሦስቱም ተንበርክከው ከስር ከስሯ ብቻ አይተው ሄዱ።

«ፊቱን ያየ የለም» አለችኝ ማዳም። መኪናዋንም እንደ ወንድ ነበር የምትጠራት። «አንተ ውሰድ። አንተ መኪና ዘይት መስጠት ታውቃለህ።»

«ማዳም፣ እኔ መንዳት አልችልም።»

«እኔም አልችልም። ሃያ ዓመት ተቀመጥኩበት።»

በሁለት አህያ ተጎትታ ግቢዬ ገባች። ከዚያ በኋላ በእሷ የሄድናቸውን መንገዶች ሁሉ ሳስብ፣ ምንም እንከን ሳይገጥመው ያለቀው ያ ጉዞ ብቻ ነው።

ከሣር ዳስ ስር አቆምኳትና አጠብኳት። አቧራ የሚሉት ነገር እዚያ አገር እንደ እንግዳ መጥቶ የሚሄድ አይደለም፤ ነዋሪ ነው። ስለዚህ ከአሮጌ የድንኳን ሸራ ልብስ ሰፋሁላት። ለኮፈኗ ለብቻው፣ ለጣሪያዋ ለብቻው ቆርጬ፣ ሁለት ጊዜ ደርቤ ሰፍቼ፣ ለመስተዋቷ ኪስ አወጣሁለት። ጎረቤቴ መጥታ ዙሪያውን አየችው።

«ባል የሌላት ሴት አንድ የምታለብሰው ነገር አታጣም» አለች።

የወንበሮቿ ቆዳ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ያንንም ፈትቼ በወፍራም ጨርቅ ቀየርኩት። ወንበር መስፋት ኮት ከመስፋት ይቀላል፤ ወንበር አይወፍርም። ከዚያ ወደ ሞተሩ መጣሁ። ሞተር አላውቅም፤ ነገር ግን የስፌት መኪና ለሃያ ዓመት የፈታ ሰው ብሎን ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም። ከላይ ያገኘሁትን ነገር በስፌት መኪናዬ ካቻቪቴ ፈትቼ በነጠላ ጠቅልዬ መካኒክ ወዳሉበት ሰፈር ወሰድኩት።

እዚያ ባለሙያን የሚጠሩት ኡስታ ብለው ነው። የሄድኩባቸው ኡስታ ሽማግሌ ሱዳናዊ ነበሩ፤ የሴት ደንበኛ ገጥሟቸው አያውቅም።

«ባልሽ ለምን አልመጣም?» አሉኝ።

«ባል የለኝም።»

«ወንድምሽስ?»

«የለም።»

«መኪናውስ የት አለ?»

«ቤት ነው። መንዳት አልችልም።»

ነጠላውን ፈትተው አዩ። ካርቡራቶሩ ነበር። «ይሄን ማን ፈታው?»

«እኔ።»

አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝና ወደ ካርቡራቶሩ ተመለሱ። በቤንዚን እያጠቡ፣ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው እንደሚናገሩ ሆነው፣ የትኛው ቀዳዳ አየር፣ የትኛው ቤንዚን እንደሚያስገባ ተናገሩ። ግድግዳውም እኔም ሰማን። በሳምንቱ ዲናሞውን አመጣሁ፤ ቀጥሎ ካንዴላዎቹን፣ ቀጥሎ የውሃ ፓምፑን። ካምቢዮው ከብዶኝ በካሮ አስጫንኩት። ከሞተሩ ራስ ስር የሚገባውን ጓርኒሲዮን ገዳሪፍ አጥተው ከከሰላ አስመጡልኝ። በዓመቱ ከወንበሮቿና ከቆርቆሮዋ በቀር ኡስታው ያላዩት የሰውነት ክፍል አልነበራትም። ራሷን መኪናዋን ግን አይተዋት አያውቁም።

የገጠምኩት በትክክል ይሁን አይሁን የሚነግረኝ ሰው ባጣሁ ጊዜ ነው አንድ ሹፌር የመጣው። አርብ ቀን ነበር፤ እዚያ የዕረፍት ቀን አርብ ነው። ቀጠን ያለ፣ ጸጉሩ ከፊት መሸሽ የጀመረ የጎንደር ሰው ነው። አገር ቤት ሳለ ለአንድ መሥሪያ ቤት አሥራ አራት ዓመት ነድቷል። አሁን ሰሊጥ ገበያ ሚዛን ላይ ይሠራል።

«እትዬ፣ እዚህ ግቢ መኪና አለ ሲሉ ሰምቼ ነበር።»

«አለች።»

«ባያት ቅር ይልዎታል?»

ልብሷን ገለጥኩለት። እጁን ወደኋላ አጣምሮ ቆሞ ቆየ። «ይግቡና ይቀመጡባት» አልኩት። በግራ በኩል ያለውን በር ከፍቶ ገባና ሁለት እጁን ወደፊት ዘረጋ። የሚይዘው ነገር አልነበረም። እጁ አየር ላይ እንዳለ ትንሽ ቆየ።

«እንግሊዞች መሪውን በወዲያኛው በኩል ነው የሚያደርጉት» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። አላወቀም ነበር።

ኮፈኑን ከፍቼ የገጠምኩትን እንዲያይልኝ ስጠይቀው ወደኋላ አንድ እርምጃ አለ። «እሱን እኔ አላውቅም። መካኒክ ነበረን። መኪናው ሲቆም እኔ ወርጄ ጥላ እፈልጋለሁ።»

ስለዚህ እኔ የምሠራውን እሱ አይችልም፤ እሱ የሚችለውን እኔ አልችልም። ሁለታችን አንድ ላይ ስንሆን አንድ ባለመኪና ይወጣናል። ባትሪው ደካማ ስለነበር ማኖቬላውን፣ ያን ከፊት ገብቶ በእጅ የሚዞረውን ብረት፣ እኔ ያዝኩ፤ እሱ መሪው ጋ ተቀመጠ። በአሥራ አንደኛው ዙር ተነሣች። እሱ «ድምፅ አላት» አለ።

ቀጥታ ኡስታው ጋ ወሰድናት። ኡስታው ወጥተው አንድ ጊዜ ዞሯት።

«ይቺ ናት?»

«ናት።»

«ትንሽ ናት» አሉ። «በየተራ ሳያት ጊዜ ትልቅ መስላኝ ነበር።»

መንዳት የተማርኩት ማሽላ ከታጨደ በኋላ በባዶው ማሳ ላይ ነው። አገሩ ጠፍጣፋ ስለሆነ ለመጋጨት ከሩቅ አስቦ መሄድን ይጠይቃል። እኔ ግን አንድ የአገዳ ክምር አገኘሁ። ሹፌሩ አጠገቤ ሆኖ «ፍሬን ይያዙ፣ እባክዎ ፍሬኑን ይያዙ» ይላል። የአክብሮት አነጋገር ረጅም ነው፤ ክምሩ ቅርብ ነበር። በመጨረሻ «ያዢ» አለኝ። ያዝኩ። አገዳው ኮፈኗ ላይ ፈሰሰ። ከመኪናዋ ወርደን አገዳውን ስናነሣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዋ ውስጥ ስንሆን አንቺ ይለኛል፤ ስንወርድ እርስዎ ይለኛል። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

የቀረው ወረቀቱ ነው። የትራፊክ ፖሊሱ መኮንን ማዳም መኪናዋን እንደሰጠችኝ ጽፋ የተወችልኝን ደብዳቤ አንብቦ እኔን አየ።

«ስደተኛ የመኪና ባለቤት አይሆንም» አለኝ።

«እሺ።»

«መኪና ደግሞ ያለ ባለቤት አይሆንም።»

«እሺ።»

«ቅዳሜ ተመለሺ።»

ስንት ቅዳሜ እንደተመለስኩ መቁጠር ትቻለሁ። በመጨረሻ እሱም የደከመው ይመስለኛል። ባለቤቷ በመዝገቡ እንዳለችው ማዳም ትሁን፣ አንቺ ወኪሏ ነሽ ብሎ ጻፈልኝ። ወኪል የሚለው ቃል በእነሱም በእኛም ቋንቋ አንድ ስለሆነ አስተርጓሚ አላስፈለገም። ለመንጃ ፈቃዱ በሁለት በርሜል መካከል ወደኋላ እንዳስገባት አዘዘኝ። በርሜሎቹን አየሁና በአንዱ ጎን አንድ ስንዝር፣ በሌላው ስንዝር ከአራት ጣት እንደሚተርፍ ነገርኩት። አላመነኝም፤ ካስገባኋት በኋላ ወርዶ በእጁ ለካ። ከዚያ ማህተም መታ።

ሁለት ዓመት በገዳሪፍ ዙሪያ ብቻ ነዳናት። አርብ ጠዋት አብረን ዘይቷን እናያለን፣ ጎማዋን እንነፋለን፣ ከከተማ ወጥተን አንድ ግራር ጥላ ድረስ ሄደን እንመለሳለን። ጥላው ስር የምንሠራው ነገር አልነበረም። ውሃዋን አይተን እንመለሳለን።

በሦስተኛው ዓመት ፋው አካባቢ፣ በመስኖ እርሻው ካሉት መንደሮች አንዱ፣ የተማሪዎች የደንብ ልብስ እንድሰፋ ጠራኝ። እዚያ መንደሮቹ በቁጥር እንጂ በስም አይጠሩም። ሹፌሩ ከሚዛኑ ፈቃድ ወስዶ አብሮኝ ሄደ፤ ስፌት መኪናዋ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ግንቦት እያለቀ ነበር። ኡስታው «ሰማዩን አይታችኋል?» ብለውን ነበር። አይተነው ነበር፤ ሰማያዊ ነበር።

ስፌቱ ስምንት ቀን ፈጀ። በዘጠነኛው ቀን አንድ ሰዓት ያህል ዘነበ፤ አባራና ተነሣን። ያን አገር የሚያውቅ ሰው አይነሣም። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ፣ ሲርስ እንደ ገንፎ። የቦዩን ዳር ይዘን ጥቂት እንደሄድን ጎማዎቹ ጭቃ ጠቅልለው ከጎማ መከለያዎቿ ጋር ተጣበቁና እሷ ቀስ ብላ ተቀመጠች። በሩን ስከፍት ጭቃው ከበሩ እኩል ነበር።

የቦዩን በር የሚጠብቅ ዘበኛ ጎጆው ቅርብ ስለነበር መጣ። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው።

«ክረምት ገብቷል» አለ።

«መቼ ነው የሚወጣው?» አልኩት።

«ኅዳር።»

ስለ ዝናቡ የተናገረ መስሎኝ ነበር። የተናገረው ስለ መኪናዋ ነው።

ከመንደሩ ትራክተር መጥቶ በዘበኛው ጎጆ አጠገብ ካለችው ከፍታ ላይ አወጣልን። ከዚያ በላይ ብሄድ እኔም እዚሁ መክረሜ ነው ብሎ የትራክተሩ ሰውዬ ሄደ። ልብሷን ቤት ትቼው ስለመጣሁ ዘበኛው ባዶ የማዳበሪያ ከረጢቶች ሰጠን። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። በዘበኛው ጎጆ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠን፣ ሹፌሩ የስፌት መኪናዋን ጎማ በእጁ እያዞረ፣ እኔ ከረጢቱን እየመራሁ ልብስ ሰፋንላት። እሱ ፈጥኖ ማዞር ይወዳል፤ እኔ «ቀስ ይበሉ» እላለሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማለት ሳያስፈልገኝ በእጄ ልክ ማዞር ጀመረ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ መኪናዬ ጭቃ ውስጥ ሆና ደስ ሊለኝ ስለማይገባ ምክንያቱን ሌላ ነገር ላይ ፈለግሁት። አላገኘሁም።

ባትሪውን ነቅለን፣ ማኖቬላውን በሳምንት አንድ ቀን እንዲያዞርልን ለዘበኛው አሳይተን፣ ጫማችንን በእጃችን ይዘን አስፋልቱ ድረስ በእግር ወጣን። ስፌት መኪናዋ በእሱ ትከሻ፣ ባትሪው በእኔ ራስ ላይ ነበር። ከዚያ በጭነት መኪና ገዳሪፍ ገባን።

ክረምቱን ዜናዋን የምንሰማው በጭነት መኪና ሹፌሮች ነው። ዘበኛው አስፋልት ላይ ለሚያገኘው ሰው ይነግራል፤ ያ ሰው ሰሊጥ ገበያ ሲደርስ ለሚዛኑ ሰው ይነግራል። የመጀመሪያው መልእክት «መኪናዋ ደህና ናት። ዶሮ ገብታባታለች» የሚል ነበር። «አስወጣት» ብለን ላክን። በሁለት ሳምንቱ መልሱ መጣ፦ «ዕንቁላል ላይ ናት። አይሆንም።» ነሐሴ ላይ «ስድስት ፈልፍላለች» ተባልን። ከዚያ ምንም ሳንሰማ ከረምን። መስከረም ላይ አንድ ሹፌር «አንዷን ጭልፊት ወሰዳት» ብሎ ነግሮን ሄደ። ስለ ሞተሩ ምንም አላለም።

ሹፌሩ አርብ አርብ መምጣቱን አልተወም። ዳሱ ስር መኪናዋ በነበረችበት ቦታ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። የምናየው ዘይት የለም፣ የምንነፋው ጎማ የለም።

«ምን ይሠራሉ እዚህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ «ዘንድሮ ክረምቱ አልረዘመብዎትም?» አለኝ።

«እንደ ሌላው ጊዜ ነው» አልኩት። እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም።

ኅዳር ሲገባ ልናመጣት ተነሣን። ኡስታው እኔም እሄዳለሁ አሉ። «ካምቢዮው ላይ ሦስት ወር ሠርቻለሁ፤ ለሁለት ሰው አልተወውም።» ስንደርስ ዘበኛው ከረጢቱን ሲያነሣ ዶሮይቱ ከነልጆቿ ወረደች። ወንበሩን አይጥ በልቶታል፣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ውስጥ ሣር ተሰግስጓል። ነገር ግን ዘበኛው ማኖቬላውን አርብ አርብ ሳያጓድል ሲያዞር ነው የከረመው። ያመጣነውን ባትሪ ገጠምኩ፤ ኡስታው ጆሯቸውን ኮፈኑ ላይ አስደገፉ፤ ሹፌሩ አዞረ፤ በአምስተኛው ዙር ተነሣች።

ዘበኛውን ምን እናድርግልህ ስንለው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። አምስት ወር ሙሉ ሲጠብቃት ስትሄድ አላያትም። እስከ መንደሩ ጫፍ ወስጄ መለስኩት። ቀጥ ብሎ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ሲወርድ «ጥሩ ናት» አለ። «ቆማ ግን ይበልጥ ጸጥ ትላለች።» ከጫጩቶቹ አንዷን፣ አሁን ቄብ ሆናለች፣ እግሯን አስሮ ሰጠን።

አስፋልቱን ይዘን ስንመለስ የምነዳው እኔ ነኝ። ኡስታው ከኋላ ቄቧን ታቅፈዋል። ሹፌሩ አጠገቤ ሆኖ ረጅም ጊዜ መንገዱን አየ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ፈልጌ ነበር» አለ። «ክረምቱን ሙሉ ፈልጌ፣ ከመኪናዋ ውጪ አልሆንልህ አለኝ።»

«ምንድን ነው?»

«ብንጋባ ምን ይመስልሻል?»

ኡስታው አማርኛ አያውቁም፤ ቄቧን እንደታቀፉ ወደፊት ጎንበስ አሉ። «ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። በዐረብኛ ነገርኳቸው።

«ጥሩ ሐሳብ ነው» አሉ። «ቺንጋው፣ የዲናሞው ቀበቶ፣ ግን ያፏጫል። መጀመሪያ እሱን እዩት።»

እውነትም ያፏጭ ነበር። ዳር አቁሜ ኮፈኑን ከፈትኩ። ሹፌሩ ወርዶ ዲናሞውን ወደኋላ ገፍቶ ያዘልኝ፤ እኔ ብሎኑን አጠበቅሁ። ኮፈን ከፍቶ የማያውቅ የነበረው ሰው የት ጋ መያዝ እንዳለበት አሁን ያውቃል። እጆቻችን ጥቁር ሆነዋል።

«እሺ» አልኩት።

«ጠበቀ?»

«ጠብቋል። እሺ ያልኩህ ግን ለሌላው ነው።»

«አንቺ...» ብሎ ቆመ። ከመኪናዋ ውጪ መሆናችንን ያኔ ነው ያስተዋለው። አላረመውም።

ጾመ ነቢያት ስለነበር እስከ ጥር ጠበቅን። ለሠርጉ መኪናዋን ኡስታው ነዱ። ከእሳቸው ቀርፋፋ የነዳ ሰው አላየሁም፤ እኛን ሙሽሮቹን እግረኞች ይቀድሙን ነበር። ድምፁን ልሰማው ብዬ ነው አሉ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አብራን ኖረች። ቤንዚን የሚጠፋባቸው ወራት ነበሩ፤ ያኔ ገፍተን ከዳሱ እናወጣታለን፣ አጥበን መልሰን እናስገባታለን። ባለቤቴ ዘይት መቀየርም ቫልቭ ማስተካከልም ተማረ። እኔ ከእሱ የተሻለ እነዳለሁ። ሁለቱንም ነገር ሰው ፊት አናወራም።

ደርግ በወደቀ ዓመት ወደ ጎንደር ለመመለስ ቆረጥን። መኪናዋን ድንበር ማሳለፍ እንደማይሆን ጠይቀን ስላወቅን ኡስታው ግቢ ወስደን ቁልፏን ሰጠናቸው። ልብሷን አጣጥፌ ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። ኡስታው በጣም አርጅተው ነበር። ቁልፉን ጀላቢያቸው ኪስ ከተቱና ወደ መተማ በምን እንደምንሄድ ጠየቁን።

«በጭነት መኪና» አለ ባለቤቴ።

«የማን ነው?»

ነገርናቸው። «የእሱ ፍሬን ደህና አይደለም» አሉ። «ቁልቁለቱ ላይ ቀስ ይበል በሉት።»

ነገርነው። የጭነት መኪናው ሹፌር አልሰማንም፤ ቢሆንም ደረስን።